ሃይድሮሊኩ ለምን ቀረ? ስለ ኢንታሚን አክስለሬተር ሮለር ኮስተር በበይነ መረብ መድረክ ላይ የተከፈተ ክር (የውይይት ሰንሰለት)፣ ከነመልሶቹ

የመክፈቻው ጽሑፍ ጥያቄና ፍርድ አንድ ላይ የተቀየጡበት ነው። ጸሐፊው የስዊዘርላንዱ የመዝናኛ ማሽን አምራች ኢንታሚን አክስለሬተር ኮስተር ብሎ የሸጠውን፣ የመዝናኛ ባቡሩን በዘይት ግፊት (በሃይድሮሊክ) የሚያስወነጭፍ ሞዴል ከልደቱ ይጀምራል፤ ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው። በ2002 ካሊፎርኒያ ኖትስ ቤሪ ፋርም መዝናኛ ፓርክ ላይ ኤክሴለሬተር ተከፈተ፤ በ2003 ኦሃዮ ሴዳር ፖይንት ላይ ቶፕ ትሪል ድራግስተር በ128 ሜትር ከፍታና በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ተከተለ፤ በ2005 ኒው ጀርሲ ላይ ኪንግዳ ካ 139 ሜትርና 206 ኪሎ ሜትር ደረሰ፤ በ2010 አቡ ዳቢ ላይ ፎርሙላ ሮሳ 240 ኪሎ ሜትር ገባ። ከዚያ ወደ ዛሬው ይመጣል። ኪንግዳ ካ ፌብሩዋሪ 28 ቀን 2025 በፈንጂ ወድቋል፤ የድራግስተር ሃይድሮሊክ ተነቅሎ ወጥቷል፤ ኢንታሚን ራሱ በ2017 ስፔን ውስጥ ፌራሪ ላንድ ላይ ሬድ ፎርስን ሲተክል ቅርጹን ከድራግስተር ወስዶ ማስወንጨፊያውን በሊኒየር ሞተር (በሐዲዱ ላይ በተዘረጋ የኤሌክትሪክ ሞተር) ለውጦታል። ድምዳሜው አጭር ነው፦ ኤሌክትሪኩ በጉልበት ስለበለጠው ሃይድሮሊኩ ተጣለ። አሠራሩን የሚያውቅ ካለ ለጀማሪም ጭምር እንዲያብራራ ይጋብዛል።

1. የመጀመሪያው መላሽ ፍርዱን ወደ ጎን ትቶ በጨዋነት አሠራሩን ይዘረዝራል፤ ክሩ ውስጥ ካሉት ማብራሪያዎች ይህ ይመረጣል። ኤሌክትሪክ ፓምፖች ዘይት ወደ አኩሙሌተሮች ይገፋሉ። አኩሙሌተር ውስጡ ፒስተን ያለው ወፍራም የብረት ሲሊንደር ነው፤ ከፒስተኑ በአንድ ወገን ዘይት፣ በሌላው ወገን ናይትሮጅን አለ። ዘይቱ ሲገባ ናይትሮጅኑ ይታመቃል፤ ጉልበቱ የሚጠራቀመው በጋዙ ውስጥ ነው፣ ዘይት ራሱ አይታመቅም ማለት ይቻላል። ቫልቮቹ ሲከፈቱ ጋዙ ዘይቱን መልሶ ይገፋል፤ ዘይቱ እንደ ማሽኑ ትልቅነት ከ8 እስከ 32 የሚደርሱ የሃይድሮሊክ ሞተሮችን ያዞራል። ሞተሮቹ ሁሉም በጥርስ አንድ ትልቅ ድራም ላይ ይነክሳሉ። ድራሙ ገመዱን ይጠቀልላል፤ ገመዱ በሁለቱ ሐዲዶች መካከል ባለ ቦይ ውስጥ የሚሮጠውን ጎታች ጋሪ ይስባል፤ ጋሪው ባቡሩን ይዞ ይሄዳል። በመጨረሻ ጋሪው በማግኔት ፍሬን ይያዛል፣ ባቡሩ ይቀጥላል፣ መላሽ ገመድ ደግሞ ጋሪውን ወደ መነሻው ይጎትተዋል።

2 እና 3. ሁለተኛው አመስግኖ አንድ ነገር እንዳልገባው ይናገራል፤ ጋሪው ሲቆም ባቡሩ እንዴት ይላቀቃል? ሦስተኛው የባቡሩን ሆድ ይገልጽለታል። ከባቡሩ ስር የምትወርድ የብረት ምላስ አለች። በጉዞ ላይ በትንሽ ማግኔት ተይዛ ወደ ላይ ተጣብቃ ትኖራለች፤ ባቡሩ ማስወንጨፊያው ቦታ ላይ ሲቆም በሐዲዱ ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ንክኪ ማግኔቱን ይለቀዋል፣ ምላሷም ዘንበል ብላ ትወርዳለች። ጎታች ጋሪው ከኋላ መጥቶ ይገጥማታል። መገፋት እስካለ ድረስ አብረው ይሮጣሉ፤ ጋሪው ቀድሞ ሲዘገይ ግን ምላሷን የሚይዛት ነገር አይኖርም፣ ባቡሩ አልፎት ይሄዳል። ቁልፍ የለም፣ ብሎን የለም፣ በትክክለኛው ሰከንድ መከፈት ያለበት ነገር የለም። ብልሃቱ ይህ ነው ብሎ ያበቃል። እኔም የዚህ ሞዴል እጅግ ያማረ ክፍሉ ይህ ይመስለኛል፤ ከፍጥነቱ ይልቅ።

4. አራተኛው የመክፈቻውን ፍርድ በስሌት ይነካዋል። ባቡሩ ከነተሳፋሪው 10 ቶን ይሁን ይላል፤ ለስሌት እንዲመች እንጂ የማንም ባቡር ክብደት አይደለም። በሰዓት 193 ኪሎ ሜትር ማለት በሰከንድ 53.6 ሜትር ነው። የእንቅስቃሴ ኃይሉ 14.4 ሜጋጁል ገደማ ይወጣል፤ ይህ 4 ኪሎዋት ሰዓት ነው፣ አንድ የእንጀራ ምጣድ በአንድ ሰዓት የሚበላውን ያህል። ችግሩ የጉልበቱ መጠን ሳይሆን የሚወጣበት ጊዜ ነው። ድራግስተር ይህን በ3.8 ሰከንድ ነው የሚያወጣው፤ በአማካይ 3.8 ሜጋዋት፣ ግፊቱ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ ደግሞ በመጨረሻዋ ቅጽበት የዚያ እጥፍ። ይህን ከኤሌክትሪክ መስመር በቀጥታ መሳብ የአካባቢውን መብራት ያርገበግባል። አኩሙሌተሩ ግን በደቂቃ አንድ ጊዜ ለማስወንጨፍ ብክነቱን ሳይጨምር 240 ኪሎዋት ፓምፕ ይበቃዋል። በ2002 ሰዎች ወደ ሃይድሮሊክ የሄዱት ለዚህ ነው እንጂ ኤሌክትሪክ ሞተር ስላልነበረ አይደለም። ሊኒየር ሞተርም ቢሆን ይህን ችግር አይሸሸውም፤ ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ አጠራቃሚ) ወይም የሚሽከረከር ከባድ ጎማ ያስፈልገዋል። በ1999 ኦርላንዶ ላይ የተከፈተው ኢንክሬዲብል ሐልክ ባቡሩን ወደ ላይ ለሚገፉት ጎማዎች የሚሆነውን ኃይል በሚሽከረከር ጎማ ያጠራቅም ነበር።

5. አምስተኛው ምጣዱን ይዞ ወደ ታሪፍ ሄዷል። ስለ ቆጣሪና ስለ ካርድ ሁለት መስመር ጽፏል፤ ከርዕሱ ጋር የሚያገናኘው የለም፣ ማንም አልመለሰለትም።

6. ስድስተኛው የአራተኛውን ስሌት አመስግኖ አንድ ቦታ ያርመዋል። ግፊቱ እስከ መጨረሻ እኩል ከሆነ የሚለው ግምት ለሃይድሮሊክ አይሠራም። ናይትሮጅኑ እየሰፋ ሲሄድ ግፊቱ ይወርዳል፤ የሚሰፋው በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ስለሆነም ይቀዘቅዛል፣ መቀዝቀዙ ግፊቱን ይበልጥ ያወርደዋል። ስለዚህ ትልቁ ምት መጀመሪያ ላይ ነው፤ ወደ መጨረሻው ይላላል። ይህን ለማለስለስ ተጨማሪ የናይትሮጅን ጠርሙሶች ከአኩሙሌተሩ ጋር ይያያዛሉ፤ የጋዙ መጠን በበዛ ቁጥር የግፊቱ መውረድ ያንሳል። የሊኒየር ሞተር ችግር ሌላ ነው፦ ፍጥነቱ ሲጨምር በሽቦ ጥቅልሉ ውስጥ የሚፈጠረው ተቃራኒ ቮልቴጅ አብሮ ያድጋል፣ ስለዚህ በመጨረሻው ክፍል ያሉት ጥቅልሎችና ኢንቨርተሮች (ኤሌክትሪኩን ለሞተሩ የሚመጥኑ መሣሪያዎች) ከመጀመሪያዎቹ የበለጠ አቅም ይጠይቃሉ። ወጪው የሚበላው የመጨረሻው ሃያ ሜትር ነው ይላል።

ለማነጻጸሪያም ሦስት አማካዮችን ያስቀምጣል። ኪንግዳ ካ 206 ኪሎ ሜትር በ3.5 ሰከንድ፣ ይህም ከምድር ስበት 1.67 እጥፍ ነው፤ ፎርሙላ ሮሳ 240 በ4.9 ሰከንድ፣ 1.39 እጥፍ፤ ሬድ ፎርስ 180 በ5 ሰከንድ፣ ከ1 እጥፍ ብዙም አይበልጥም። በጉልበት ከተባለ እንግዲህ ተሸናፊው ሃይድሮሊኩ አይደለም።

7. የክሩ ባለቤት ተመልሶ ይመጣል፤ ድምፁ ጠንከር ብሏል። ስለ ጉልበት የጻፈውን ሳያነሣ አደጋ ይቆጥራል። በ2004 ድራግስተር ላይ ከገመዱ የተቆራረጠ ብረት ተፈናጥሮ አራት ተሳፋሪዎችን መታ፤ በ2009 የኤክሴለሬተር ገመድ በማስወንጨፍ ላይ ተበጠሰ፣ ሰው ተጎዳ፤ በ2021 ድራግስተር ላይ ሰልፍ ላይ የቆመች ሴት ክፉኛ ተጎዳች። ሦስቱንም በገመዱ ላይ ይጭናል፤ ጉልበቱን የሚያወድሱ ሰዎች ይህን ያስረዱኝ ባይ ነው።

8. ስምንተኛው ያለ ሰላምታ ይገባል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ እውነት ናቸው፣ ሦስተኛው ግን ከማስወንጨፊያው ጋር አይገናኝም። በኦገስት 2021 የተላቀቀው ከባቡሩ ስር የተገጠመ የኤል ቅርጽ ያለው የብረት ሰሌዳ ነው፤ ሥራው ባቡሩ የት እንዳለ ለሴንሰር ማሳወቅ ነበር። ማጣራቱን ያካሄደው የኦሃዮ ግብርና መሥሪያ ቤት ነው፤ በዚያ ግዛት የመዝናኛ ማሽኖችን የሚቆጣጠረው እሱ ነውና። ሊኒየር ሞተር ያለው ባቡርም እንዲህ ያለ ሰሌዳ ይሸከማል። ሳያጣሩ መደርደር መረጃን መበከል ነው ብሎ ይዘጋል። እውነቱ በእጁ ነው፤ አነጋገሩ ግን ክሩን ከዚህ ወዲያ አሻክሮታል።

9. ዘጠነኛው መለስ ብሎ ስለ ገመዱ ይጽፋል፤ እንደ አነጋገሩ ጥገናን ከቅርብ የሚያውቅ ሰው ነው። የክሬን ገመድ ቀስ ብሎ ብዙ ይሸከማል፤ የማስወንጨፊያ ገመድ ግን በባቡሩ ፍጥነት ይሮጣል፣ ከዜሮ ተነሥቶ በጥቂት ሰከንድ ጫፍ ይደርሳል፣ ወዲያው ይላላል፣ ይህን ቀኑን ሙሉ ይደጋግማል። ገመድ የሚሞተው በመሸከም ብቻ ሳይሆን በመታጠፍ ነው፤ በድራሙና በፑሊው ላይ በታጠፈ ቁጥር ውስጡ ያሉት ሽቦዎች እርስ በእርስ ይፋተጋሉ፣ አንድ በአንድ ይበጠሳሉ። ድራሙ ከገመዱ ውፍረት አንጻር ትልቅ መሆን ያለበትም ስለዚህ ነው፤ ትንሽ ድራም ገመድ ይበላል።

የሚመረመረው እንዲህ ነው ይላል። በእጅ ጓንት ሳይሆን በዓይን፣ በተወሰነ ርዝመት ውስጥ ስንት ሽቦ እንደተበጠሰ ይቆጠራል፤ ውፍረቱ በካሊፐር ይለካል፣ ምክንያቱም ውስጡ የሞተ ገመድ ላዩ ደህና መስሎ ይቀጥናል፤ ዝገትና የደረቀ ግሪስ ይታያል፤ የዓይን ምርመራ የማይደርስበትን ውስጡን በማግኔት መሣሪያ ያነብባሉ። የክሬን ሰዎች አይኤስኦ 4309 የሚሉት መስፈርት ገመድ መቼ እንደሚጣል ይደነግጋል፤ የማስወንጨፊያ ገመድ ላይ ግን የአምራቹ መመሪያ ከዚያ ጠበቅ ይላል። ገመዱ ሲለወጥ አዲሱ ይለጠጣል፤ እስኪረጋ ድረስ ውጥረቱ እየተለካ ይስተካከላል፣ አለዚያ ላልቶ ከድራሙ ጉድጓድ ይወጣና ራሱን ይቆርጣል። ይህ ሁሉ ሥራ ገንዘብ ብቻ ሳይሆን ማሽኑ የቆመባቸው ቀናትም ናቸው።

ዘይቱም አለ። ጠዋት ሲቀዘቅዝ ይወፍራል፣ ስለዚህ ተሳፋሪ ከመጫኑ በፊት በባዶ ባቡር ተደጋግሞ ይወነጨፋል። በበረሃ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ዘይቱ ይቀጥናል፣ በሲሎቹ (ዘይቱን በሚያግዱት ቀለበቶች) በኩል ያፈስሳል፣ ማቀዝቀዣው ቀኑን ሙሉ ይሠራል። የናይትሮጅን ግፊት በጥቂቱ ካፈሰሰ ባቡሩ ሳይታወቅ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይዘገያል፤ የዚህ ምልክት ከግፊት መለኪያው በፊት በፍጥነት መዝገቡ ላይ ይታያል። አኩሙሌተሮቹ ራሳቸው የግፊት ዕቃዎች ናቸውና በሕግ በየጊዜው ይመረመራሉ።

10. አሥረኛው በአንድ ዐረፍተ ነገር የሚጨምረው፣ ኪንግዳ ካ ገና በተከፈተበት ዓመት፣ በጁን 2005፣ ገመዱ በሚሮጥበት ቦይ ውስጥ አንድ ቡሎን ተሰብሮ ማሽኑን እስከ ኦገስት እንዳቆመው ነው። አንድ ቡሎን ሁለት ወር።

11. አሥራ አንደኛዋ ወደ ሊኒየር ሞተር ትሻገራለች። ተራ ሞተርን በአንድ ጎን ቆርጦ መዘርጋት ነው፤ ሐዲዱ ላይ ጥቅልሎች ይደረደራሉ፣ ባቡሩ ስር ላሜራ ወይም ማግኔት ይገጠማል፣ የጥቅልሎቹ መግነጢስ ወደ ፊት ሲሮጥ ባቡሩን ይዞ ይሄዳል። የሚነካካ ነገር የለም፤ የሚበላ ገመድ፣ የሚያፈስስ ሲል፣ የሚያልቅ ኩሽኔታ ማስወንጨፊያው ውስጥ የለም። ዋናው ጥቅም ግን ሌላ ነው ትላለች። ከብዙዎቹ ጥቅልሎች አንዱ ቢቃጠል ባቡሩ ትንሽ ዘግይቶ ይሄዳል፤ ማታ ይለወጣል። ገመድ ሲበጠስ ግን ሁሉም ነገር ይቆማል።

12. አሥራ ሁለተኛው ሁለት የተለያዩ ሞተሮች እንደ አንድ መጻፋቸው አላስደሰተውም። ላሜራው አሉሚኒየም ሲሆን ኢንዳክሽን ነው፤ ግፊቱ የሚመጣው በላሜራው ውስጥ በሚፈጠር ዥረት ነው፣ ላሜራው ይግላል፣ ኃይል ይባክናል፣ ነገር ግን ባቡሩ በትክክል የት እንዳለ ማወቅ አያስፈልግም። ማግኔት ሲሆን ሲንክሮነስ ነው፤ ብክነቱ ያንሳል፣ ግፊቱ ይበልጣል፣ ነገር ግን ተቆጣጣሪው የማግኔቱን ቦታ ካላወቀ ጥቅልሎቹ በተሳሳተ ሰዓት ይጎትታሉ፣ ባቡሩ ይንቀጠቀጣል ወይም ይቆማል። ኢንዳክሽኑ በ1996 ኪንግስ አይላንድና ኪንግስ ዶሚኒየን ላይ ገባ፤ ሲንክሮነሱ በ1997 የአውስትራሊያው ድሪምወርልድና የካሊፎርኒያው ማጂክ ማውንቴን ላይ። ያኔ የኃይል ኤሌክትሮኒክሱ ውድ ነበር። ሃይድሮሊኩ የመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው እንጂ በፊት አይደለም፤ ማን ማንን ተካ የሚለው ታሪክ እንደተባለው ቀጥ ያለ አይደለም።

የሚበላሸውንም ያክላል፤ ይህን አሥራ አንደኛዋ ስለዘለለችው። በጥቅልሉና በማግኔቱ መካከል ያለው ክፍተት ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ነው። ጎማ ሲበላ ባቡሩ ይወርዳል፣ ክፍተቱ ይጠብባል፣ ይፋቃል። ማግኔቱ የወደቀ ዳዶና የብረት ፍቅፋቂ ይሰበስባል፤ ማታ ማታ ካልተጠረገ ጥቅልሉን ይቧጭራል። ኒዮዲሚየም ማግኔት ከጋለ ጉልበቱን ለዘለቄታው ያጣል፣ ተራው ዓይነት ከ80 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ጀምሮ። ማግኔት የለበሰ ባቡርም ይከብዳል። ምንም አይበላም የሚለው ወሬ የሻጭ ነው።

13. አሥራ ሦስተኛው ስለ ወደ ኋላ መንሸራተት ይጠይቅና ራሱ ይመልሳል። የመነሻውን ፍጥነት ወደ ከፍታ መለወጥ ነው፤ በሰከንድ በሜትር የተጻፈውን ፍጥነት በራሱ አባዝቶ ለ19.62 ማካፈል። ለድራግስተር 146 ሜትር ይወጣል፣ ማማው 128 ነው። ለኪንግዳ ካ 167 ይወጣል፣ ማማው 139። ልዩነቱ ለአየርና ለጎማ የተተወ ግብር ነው። ነፋስ ከፊት ከመጣ ወይም ጎማው ከቀዘቀዘ ግብሩ ይጨምራል፣ ባቡሩም ጫፉ ላይ ደርሶ ተመልሶ ይወርዳል። በብዙ ጉልበት አስወንጭፎ እንዳይንሸራተት ማድረግ ቀላል ነው፤ ግን ያኔ ጫፉን በፍጥነት ያልፍና ተሳፋሪውን ከመቀመጫው እጅግ ያነሣዋል። ስለዚህ ኮምፒውተሩ ያለፉትን ባቡሮች ፍጥነት እያየ የሚቀጥለውን ያስተካክላል። ፎርሙላ ሮሳ ግን በ240 ኪሎ ሜትር እስከ 226 ሜትር የሚያወጣ ጉልበት ይዞ የሚወጣው 52 ሜትር ብቻ ነው፤ እዚያ የሚያሳስበው ከፍታ ሳይሆን ጎማ ነው።

14 እና 15. አሥራ አራተኛው የተንሸራተተውን ባቡር ማግኔት ፍሬኑ ሙሉ በሙሉ ያቆመዋልና አያሳስብም ብሎ በእርግጠኝነት ይጽፋል። አሥራ አምስተኛው በጨዋነት ግን ሳይለዝብ ያርመዋል። ከማስወንጨፊያው ሐዲድ ላሜራዎች ይነሣሉ፤ ኃይል የሚያስፈልጋቸው ዝቅ ለማለት ነው፣ መብራት ቢጠፋ ተነሥተው ይገኛሉ። ባቡሩን ያዘገዩታል እንጂ አያቆሙትም፤ ባቡሩን የሚይዘው በላሜራው ውስጥ ያለ ዥረት የሚፈጠረው በእንቅስቃሴ ነውና ፍጥነቱ ወደ ዜሮ ሲጠጋ መያዙም ወደ ዜሮ ይጠጋል። ዳገት ላይ ቢሆን ባቡሩ እየተሳበ ይወርዳል። የመጨረሻውን መያዝ የሚያደርገው የሚጨምቅ ፍሬን ወይም ጎማ ነው። ሌላው ብዙ ሰው የማያውቀው፣ የማግኔት ፍሬን ፍጥነት በጨመረ ቁጥር የበለጠ አይዝም፤ አንድ ፍጥነት ላይ ጫፍ ይደርስና ከዚያ በላይ መያዙ ይቀንሳል። ያ ፍጥነት የሚወሰነው በላሜራው ውፍረትና ኤሌክትሪክ በማስተላለፍ አቅሙ ነው። ስለዚህ ባቡሩ በሙሉ ፍጥነት በሚገባበት ቦታ ላሜራው ብዙ የማያስተላልፍ ቅይጥ ወይም ቀጭን ይሆናል፣ በሚዘገይበት ቦታ ደግሞ ንጹሕ መዳብና ወፍራም። አንድ ዓይነት ላሜራ ከዳር እስከ ዳር መደርደር ፍሬኑን መጀመሪያ ላይ ሰነፍ፣ መሃል ላይ ጨካኝ ያደርገዋል።

16. አሥራ ስድስተኛው አሥራ ሦስተኛው የነካካውን ጎማ ይከታተላል። እያንዳንዱ የጎማ ስብስብ ሦስት ዓይነት አለው፤ ከላይ የሚሸከም፣ ከጎን የሚመራ፣ ከስር እንዳይነሣ የሚይዝ። ሽፋኑ ናይለን ሲሆን ይፈጥናል ይንቀጠቀጣል፤ ፖሊዩሪታን ሲሆን ይለሰልሳል ይዘገያል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ይበልጥ። ዲያሜትሩ 30 ሴንቲሜትር የሆነ ጎማ በ240 ኪሎ ሜትር በደቂቃ ከ4,200 ጊዜ በላይ ይዞራል። ፖሊዩሪታን በተጨመቀና በተለቀቀ ቁጥር ውስጡ ይግላል፤ ሙቀቱ የሚያጠቃው ላዩን ሳይሆን ከብረቱ ጋር የተጣበቀበትን ነው፣ ሽፋኑ ከዚያ ይላቀቃል። ስለዚህ ባቡሮች እየተቀያየሩ ይሠራሉ፣ ጎማው እንዲበርድ።

17. እዚህ ላይ ክሩ መንገድ ይስታል። አሥራ ሰባተኛው ይህ ማሽን አዲስ አበባ ቢተከል ከፍታው ይጠቅመዋል ይላል። ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው ወደ ሩብ በሚጠጋ ስስ ነው፤ የአየር መቋቋም በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ ለተመሳሳይ ማማ ያነሰ ፍጥነት ይበቃል። ሐሳቡ ደስ ይላል፣ ፊዚክሱም ልክ ነው።

18. አሥራ ስምንተኛው ግማሹ ልክ ነው ይላል። ስስ አየር ባቡሩን እንደማይይዘው ሁሉ ሞተሩንም አያበርደውም። ተራ ሞተር፣ ኢንቨርተርና ትራንስፎርመር አቅማቸው የሚጻፈው እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከዚያ በላይ በየመቶ ሜትሩ ይቀነስላቸዋል፣ ወይም አንድ ደረጃ ከፍ ያለ ይገዛል። ስስ አየር ብልጭታንም የመከላከል አቅሙ ያንሳል፣ ስለዚህ በከፍተኛ ቮልቴጅ ክፍሎች መካከል ያለው ርቀት ይሰፋል። ጠዋት ላይ ያለው ብርድ ደግሞ በጎማና በዘይት በኩል የተገኘውን ይመልሰዋል። ከስድስት ኪሎ ሜትር ሐዲድ በፊት የትራንስፎርመሩን ስሌት ቢያዩ ይሻላል ሲል ይዘጋል።

19 እና 20. አሥራ ሰባተኛው በዚህች መዝጊያ ተቆጥቶ እርስዎን ወደ አንተ ያወርዳል፤ ስድስት ኪሎ ሜትር ያለ ሰው የለም፣ የማይጻፈውን አታንብብ ዓይነት። የመድረኩ አስተባባሪ በሁለት መስመር ይገባል፤ የአዲስ አበባው ጉዳይ የራሱ ክር እንዲከፈትለት፣ ሁለቱም አጠራራቸውን እንዲያለዝቡ። ተከፈተም አልተከፈተም፣ እዚህ ግን አበቃ።

21. ሃያ አንደኛዋ ፍጥነት ላይ መድረስ ራሱ ገደብ እንዳለው ታስታውሳለች። የጃፓኑ ዶዶንፓ የታመቀ አየር ነበር የሚጠቀመው፤ በ2017 ከተሻሻለ በኋላ በሰዓት 180 ኪሎ ሜትር በ1.56 ሰከንድ ይደርስ ነበር፣ በአማካይ ከምድር ስበት 3.3 እጥፍ ገደማ። ተሳፋሪዎች አጥንታቸው መሰበሩ ከተነገረ በኋላ በኦገስት 2021 ቆመ፣ በ2024 ለዘለቄታው እንዲዘጋ ተወሰነ። ጉዳቱ ከምን እንደመጣ አልፈርድም ትላለች፤ ግን ማሽኑን የሚገዛው ፓርክ ዛሬ ምት ሳይሆን ርዝመት የሚገዛው ለምን እንደሆነ ይገባኛል። የኪንግዳ ካ ጉዞ ከማማው በኋላ አንድ ጉብታ ብቻ ነበረው፤ ሁሉም ጉልበት ወደ አንዲት ማማ።

22. ሃያ ሁለተኛው በዚህ ላይ ተመርኩዞ ይጽፋል፤ በእኔ ግምት የመክፈቻውን ጥያቄ በትክክል የመለሰው እሱ ነው። ሃይድሮሊክ ማስወንጨፊያ አንድ ቦታ ብቻ ይቀመጣል፣ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይጎትታል፣ ጋሪው ተመልሶ እስኪመጣ ባዶ ይጠብቃል። ሊኒየር ሞተር ከጉብታ በኋላ፣ ዋሻ ውስጥ፣ የትም ይቀመጣል፤ ወደ ኋላም ይገፋል፤ እንደ ፍሬንም ያገለግላል። ድራግስተርን ዛምፔርላ ቶፕ ትሪል 2 አድርጎ በ2024 ሲመልሰው በዚያው ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ በአንድ ምት 193 ኪሎ ሜትር አልሞከረም። መጀመሪያ ወደ ፊት በ119፣ ባቡሩ ማማውን ሳያልፍ ይመለሳል፤ ቀጥሎ ወደ ኋላ በ163፣ ከኋላ በተተከለ 128 ሜትር ቀጥ ያለ ሐዲድ ላይ ይወጣል፤ ከዚያ ወደ ፊት በ193። ያው ጥቅልል ሦስት ጊዜ ይሠራል፣ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ጉልበት ይቀንሳል። ሳዑዲ ውስጥ ቂዲያ ላይ የተገነባው የኢንታሚን ፋልኮንስ ፍላይትም 195 ሜትር ከፍታና 250 ኪሎ ሜትር ፍጥነት የሚደርሰው ከአራት ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ሐዲድ ላይ በተለያየ ቦታ እየተገፋ ነው። ገመድ ይህን አይችልም። እና አዲሱም ከሳንካ አልዳነም፤ ቶፕ ትሪል 2 በተከፈተ በቀናት ውስጥ በባቡሮቹ ችግር ቆሞ የዓመቱን ቀሪ ጊዜ ዘግቶ አሳልፏል።

23. የክሩ ባለቤት ለመጨረሻ ጊዜ ብቅ ብሎ ኤሌክትሪኩ አሸነፈ የሚለውን ይዞ፣ በጉልበት የሚለውን ጥሎ ይወጣል። አራተኛውን አላመሰገነም።

24. መጨረሻ ላይ ያለው ጥያቄ ከኤምሬትስ ነው፤ በፎርሙላ ሮሳ ለመሳፈር ያሰበ ሰው ምን ልብ ይበል? ዘጠነኛው ነው የመለሰው። መነጽር ለሁሉም ተሳፋሪ ግዴታ ነው፤ በዚያ ፍጥነት የአሸዋ ቅንጣት ወይም ነፍሳት ዓይን ቢመቱ ቀልድ አይደለም። ሻሽና የላላ ነጠላ ከታች ይቀመጥ። ከመወንጨፉ በፊት ጭንቅላት ወደ መደገፊያው ይጠጋ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ያለ አንገት ምቱን ብቻውን ይቀበላል። ሰልፍ ላይ ደግሞ ወደ ሐዲዱ መሃል መመልከት ነው፤ ባቡሩ ከሄደ በኋላ ጎታች ጋሪው ብቻውን በቦዩ ውስጥ ሲመለስ ይታያል። በሊኒየር ሞተር ማሽን ላይ የሚመለስ ነገር የለም።